ላስቲኩ እንዳይዞር

ትንሿ ትንሽ አልነበረችም። ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ ተጠግቷል፤ ቁመቷም ቢሆን ጎንበስ ሳትል የምታልፈው በር ጥቂት ነው። ስሙ የወጣላት ገና አራስ ቤት ሳለች ነው። ታላቅ ወንድሟ በጨርቅ ተጠቅልላ ሲያያት «ይቺ ትንሿ የኛ ናት?» ብሎ ጠየቀ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም የጠራት የለም። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲያልፉ ያሳደጋትም እሱ ነው። ወንድምጋሼ ትለዋለች። ከሁለቱም በላይ እትዬ የሚሏት እህት አለቻቸው፤ እሷ ግን ገና በልጅነቷ አግብታ ሩቅ ከተማ ስለገባች፣ በስልክ ካልሆነ በቀር ድምፅዋ እዚያ ቤት አይሰማም።

ወንድምጋሼ አናጢ ነበር፤ እጀ ወርቅ የሚሉት ዓይነት። የገጠመው በር አይንቋቋም፣ የሠራው መሳቢያ ሲስቡት አይያዝም። በእረፍት ቀኑ ግን መጋዙን ጥሎ ሳይክሉን ያነሣል። ጎማው ትንንሽ፣ ኮርቻው ዝቅ ያለ፣ ማርሽ የሌለው፣ ለመዝለል እንጂ ለመንገድ ያልተሠራ ሳይክል ነው። ከተዘጋው የሸክላ ፋብሪካ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ እሱና ጓደኞቹ አፈር እየቆለሉ፣ እየጠቀጠቁ፣ ውኃ እያጠጡ ጉብታ ሠርተው ነበር። ከጉብታ ወደ ጉብታ በአየር ላይ ይሻገራሉ። ጓደኞቹ አንድ በአንድ አገቡ፣ ቦርጭ አወጡ፣ ቀሩ። እሱ ብቻ አልቀረም። ስንት ዓመት ሲበር አንዲት አጥንት አልተሰበረበትም።

የሚገርመው፣ ቀን የጣለው ሜዳው ላይ አይደለም። አንድ ቀን የቁም ሣጥን በር ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ እግሩን ሳተና ወደ ኋላ ወደቀ። በሩን ላለመልቀቅ ሲታገል ትከሻው ተጎተተና ከአንገቱ ወደ ክንዱ የሚወርደው ነርቭ ተበጠሰ። ቀኝ እጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ እጅጌ መስሎ ተንጠለጠለ። ሐኪሞቹ ጠብቅ አሉት፤ ጠበቀ። እጁ ግን አልተመለሰም።

እጁ ሲሄድ አፉም አብሮ የሄደ ይመስል ነበር። ትንሿ ጠዋት ተነሥታ ወደምትሠራበት ሆቴል ላውንደሪ ትሄዳለች፤ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስትተኩስ ትውልና በእንፋሎት ተቀቅላ ትመለሳለች። እሱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ትደርስበታለች። «ዋልክ?» ትለዋለች። «ዋልኩ» ይላታል። «በላህ?» «በላሁ።» ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ነው። ሥራ ቦታም ማሽኖቹ ስለሚጮሁ ሠራተኛው የሚግባባው በእጅ ምልክት ነው፤ እናም ድምፅዋን ሳትሰማ የምታልፋቸው ቀናት ነበሩ። አንዳንዴ መንገድ ላይ ስትሄድ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች፤ እንዳለ ለማረጋገጥ ያህል።

አንድ ምሽት ከሥራ ስትገባ ወንድምጋሼ ሳይጠየቅ ተናገረ። ሳይክሉን ሽጪው አላት። ሳይክሉ በውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ላይ በአሮጌ አንሶላ ተሸፍኖ ተሰቅሎ ነበር። ለምን እንደሆነ ልትጠይቀው ፈለገችና ፊቱን አይታ ተወችው።

በእረፍት ቀኗ ሳይክሉን አውርዳ፣ ጎማውን አስነፍታ፣ ወደ ሳይክል ሻጮች ሰፈር መግፋት ጀመረች። መንገዱ በሜዳው በኩል ያልፋል። ጉብታዎቹ ላይ ሣር በቅሏል፤ ጫፋቸውም በዝናብ ተሸራርፏል። እዚያ ትንሹ ጉብታ ላይ፣ ልጅ ሳለች፣ ወንድምጋሼ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ መዝለል አስተምሯት ነበር። አንዴ ብቻ፣ አለች በሆዷ። ወጣችና ፔዳሉን ረገጠች። ጎማዎቹ ከመሬት የተነሡት አንድ ክንድ ባይሞላም፣ ስታርፍ ሳታስበው ሳቀች። የገዛ ሳቋ አስደነገጣት።

ቤት ገብታ ሱቁ ተዘግቶ ነው የጠበቀኝ አለችው። በሚቀጥለው ሳምንት ባለሱቁ ታሟል ሆነ። ከዚያ ደግሞ ገዢ እየተፈለገ ነው ተባለ። እሱም እሺ ከማለት በቀር አንድም ቀን አላፋጠጣትም። ሳይክሉን ግቢው ጥግ ካለው ዕቃ ቤት ከአሮጌ በርሜሎች ጀርባ ደበቀችው። አካፋ ተውሳ ሣሩን ነቀለች፣ የተሸረሸረውን ሞላች፣ ጠቀጠቀች። ከትንሹ ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ትልቁ ዓይኗን ጣለች።

ችግሩ የመሪው ላስቲክ ነበር። በመሪው ሁለት ጫፎች ላይ የሚጠለቀው፣ እጅ የሚጨብጠው ሽፋን ማለት ነው። ሳይክሉ ተሰቅሎ በከረመበት ጊዜ የጣሪያው ሙቀት አላልቶት ኖሮ፣ ጠበቅ አድርጋ ስትይዘው ቀኙ ዞር ይልባታል። መሬት ላይ ዞር ቢል ይቅርታ አለው። አየር ላይ ግን ሰው የሚተማመነው በዚያ ብቻ ነው፤ እሱ ሲዞር፣ የያዙት ሰው ድንገት እጁን እንደለቀቀ ነው የሚሆነው። የሰፈሩን ጎማ ለጣፊ ብትጠይቀው፣ አውጥተሽ በሳሙና መልሰሽ አስገቢው፣ ቀጥ ይላል አላት። አደረገች። በሳሙና ሲገባ ላስቲኩ እንደ ዓሣ ሸርተት ብሎ ገባ። በማግሥቱ ብታጠማዝዘው ንቅንቅ አላለም። ተሳካ አለች።

ትልቁን ጉብታ የሞከረችበት ጠዋት ካፊያ ነበር። ተንደርድራ ወጣች፤ ከጫፉ ስትነሣ መሪውን ወደ ደረቷ ሳበች። ውስጥ ደርቋል ያለችው ሳሙና ውኃና ላብ ሲያገኘው ነፍስ ዘርቶ ነበርና ቀኙ ላስቲክ በእጇ ውስጥ ተሽከረከረ። አንጓዋ ታጠፈ፣ መሪው ዞረ፣ መሬት ተነሥታ አገጯን መታቻት።

በግንባሯ ተደፍታ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች። የፊተኛው ጎማ ከወደቀበት ሆኖ በባዶው ይዞራል፤ ይዞር ይዞርና ቆመ። ከዚያ ምንም አልተሰማም። ያኔ ያስደነገጣት ሕመሙ አይደለም። እዚህ መሆኗን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አለመኖሩ ነው። ላውንደሪው እረፍት ላይ ናት ይላል፤ ወንድሟ ሥራ ገባች ይላል፤ እትዬ ቤቷ ናት ትላለች። እዚያው ብትቀር ማንም «የት ሄደች?» ብሎ ወደዚህ አይመጣም። ይህን እያሰበች ደሟ ከአፈሩ ጋር ሲላቆጥ አየች፤ ከዚያ ሌላ ሰው እንደምታነሣ ሁሉ ራሷን በብብቷ ይዛ አነሣች።

ክሊኒክ ገብታ አገጯ ተሰፋ። ነርሷ ማን ይወስድሻል ብላ ጠየቀቻት። ብቻዬን መጥቻለሁ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ አለቻት፤ ስትናገረው ግን እንዳሰበችው ቀላል አልሆነላትም።

ቤት ስትገባ ወንድምጋሼ ቀና ብሎ አያት። እንደ ወትሮው «ዋልክ?» ልትለው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«አገጭሽ ምን ሆኖ ነው?»

ሥራ ቦታ ወለሉ ላይ ውኃ ፈስሶ አዳልጧት እንደወደቀች ነገረችው። ዓይኑን ከአገጯ ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወደ ጫማዋ አወረደ።

«የላውንደሪው ወለል ቀይ አፈር ሆነ እንዴ?»

አፈሩን ከጫማዋ ልታራግፍ ጎንበስ አለች። እሱ ግን ቀጠለ።

«ቀኙ ላስቲክ ነው ግራው የዞረብሽ?»

«ቀኙ።»

«ምን ቀብተሽ ነው ያስገባሽው?»

«ሳሙና።»

«ሳሙና የደረቀ ይመስላል እንጂ አይደርቅም፣ ትንሿ። ተኝቶ ነው የሚጠብቅሽ።»

ተቀመጠችና ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ ጠየቀችው። ከመጀመሪያው ነው አላት፤ ማንኪያ ስትይዝ መዳፏ ተልጦ አይቷል፣ ሥራዋ ካውያ እንጂ አካፋ እንዳልሆነ ያውቃል። ታዲያ ለምን ዝም አልክ አለችው። ወደ መስኮቱ ዞረና፣

«ብጠይቅሽ ትተዪዋለሽ ብዬ ነው» አለ።

በማግሥቱ የሐኪም ፈቃድ ስለነበራት ቤት ዋለች። ወንድምጋሼ ከወደቀ ወዲህ ተከፍቶ የማያውቀውን የመሣሪያ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር በእግሩ ጎትቶ አወጣ። ሳይክሉን ከበርሜሎቹ ጀርባ አውጥታ ቤት ውስጥ በጀርባው ገለበጠችው። ክሊኒኩ ለቁስሏ የሰጣት አልኮል አለ፤ ከፀጉር ሠሪዋ ጎረቤት ደግሞ የፀጉር ስፕሬይ ለምና ተውሳለች። ለምን እንደሆነ ስትነግራት ጎረቤቷ፣ እኔ ለሙሽራ የማወጣውን አንቺ ለሳይክል ነው እንዴ ብላ ስቃባታለች።

ስፕሬዩን ወንድምጋሼ ነው ያዘዘው። ሥራውን በቃል እየነገረ አሠራት። በመጀመሪያ የላስቲኩን አፍ በቀጭን እንጨት ከፈት አድርጋ አልኮል አንጠባጠበችበት፤ ስታጠማዝዘው ተላቀቀና ወጣ። ከዚያ መሪውን ጠረገች። ጠረግኩ ስትል ገና ነው ይላታል። የሳሙናው ርዝራዥ፣ የድሮ ዘይት፣ የላብ ዝገት፣ ሁሉም እስኪለቅ አሸችው። የላስቲኩንም ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት እያስገባች አጠበችው። ሁለቱም ደርቀው ሲያልቁ ስፕሬዩን መሪው ላይና ላስቲኩ ውስጥ ረጨችና፣ እርጥብ ሳለ፣ ሳትቆም፣ እስከ መጨረሻው ገፋችው። ስፕሬዩ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሙጫ ይይዛል። ምሥጢሩ ይኸው ነው።

«ቀጥ ነው ወይስ ጠመመ?»

«ቀጥ ነው።»

«ሳትነኪ እዪው እንጂ። አሁን እጅሽን አንሺ። አንሺ አልኩሽ!»

ድሮ መዶሻ አቀብዪኝ ሲላት እንደሚቆጣት ነው የተቆጣት። ከፍቷት ልትመልስለት ስትል፣ ይህን ቁጣ ከሰማች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ትዝ አላትና እጇን አነሣች።

ሽቦውን ግን እኔ ነኝ የማስረው አለ። ላስቲኩን በሁለት ጫፉ በቀጭን ሽቦ ዙሪያውን ጠምጥሞ፣ በፒንሳ አጥብቆ፣ የተረፈውን ቆርጦ፣ ስሉን ጫፍ መዳፍ በማይደርስበት በኩል ወደ ላስቲኩ ውስጥ መቅበር ነው። ለባለ ሁለት እጅ ቀላል ሥራ ነው። እሱ ሽቦውን በጥርሱ ይዞ፣ ፒንሳውን በግራ እጁ ጨብጦ ጀመረ። ሽቦው ተበጠሰ። ሌላ አመጣ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይወርዳል። ትንሿ እጇን ልትዘረጋ ትቃጣና ትመልሰዋለች። እንደገና ሲበጠስበት ፒንሳውን ግድግዳው ላይ ወረወረውና በሩን ከፍቶ ወጣ።

ብቻዋን ቀረች። ፒንሳውን አነሣችና፣ ሲያደርግ እንዳየችው፣ ሽቦውን አሰረች። የመጀመሪያው አላማረም፤ ፈትታ ደገመችው። ከሽቦው ይልቅ ያሳሰባት፣ ተመልሶ ሲመጣ ሥራው አልቆ ማየቱ ደስ ይለው ይሆን ወይስ ይከፋው የሚለው ነበር።

ተመልሶ ሲገባ ጎንበስ ብሎ ጣቱን በሽቦው ላይ አስኬደ፤ የሚወጋ ነገር አላገኘም። ላስቲኩን ነገ እንጂ ዛሬ እንዳትጨብጪው አላት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከነገ ወዲያ እንደሚሄድ ነገራት።

ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። እትዬ በምትኖርበት ከተማ አንድ የእንጨት መጋዘን ዕቃ ተቀባይ ይፈልጋል፤ እንጨት ለይቶ የሚያውቅ ሰው እንጂ እጅ አይጠይቅም። እትዬ ተነጋግራለታለች፣ ማደሪያም አዘጋጅታለች።

«መቼ ነው የወሰንከው?»

«ሳይክሉን ሽጪ ያልኩሽ ቀን።»

«ለኔ መንገር...»

«ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ።» ወደ መስኮቱ ወንበር እያየ ጨመረ፤ «ይህ ቤት እየበላኝ ነው ትንሿ። አንቺ እየለፋሽ ስትገቢ እኔ እዚያች ወንበር ላይ። ቀን ቀን ከግድግዳ ጋር ነው የምውለው።»

እኔስ ከማን ጋር የምውል መሰለህ ልትለው አሰበች። በዚያ ፈንታ፣ ከመሄዱ በፊት ነገ ጠዋት ሜዳው ድረስ መጥቶ አንድ ጊዜ ብቻ ስትዘል እንዲያያት ለመነችው።

ራሱን ነቀነቀ። «አልችልም። አንቺን እያየሁ የማየው እኔን ነው። ጨክኜብሽ አይደለም።»

ያን ቀን ምሽት ሸሚዞቹን በሙሉ አውጥታ ተኮሰች። ቁልፎቹንም እየቆረጠች፣ በአንድ ጣት ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚገጥም ቁልፍ ሰፋችላቸው። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ያያል። ማመስገን አልሆነለትም፤ የመጨረሻውን ሸሚዝ ተቀብሎ በግራ እጁ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገ እስከ አንገቱ ዘጋው፣ ከዚያ ፈታውና እንደገና ዘጋው።

አውቶቡስ ጣቢያ ሸኘችው። ሻንጣውን ላንሳልህ ብትለው እምቢ አለ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት በኩል ግራ እጁን አነሣ፤ እሷም እያውለበለበች ተከተለችው፣ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ። ከዚያ በሰው መካከል ቆመች። ሁሉም የሚቀበለው ወይ የሚሸኘው አለው፤ የእሷ ሥራ አልቋል።

ለመቀመጥ ወደ ቤት አልሄደችም። የሄደችው ሳይክሉን ለመውሰድ ብቻ ነው፤ ገብታ ስትወጣ ወደ ክፍሎቹ ላለማየት ተጠነቀቀች። ሜዳው ደርቆ ነበር። ላስቲኮቹን ጨበጠች፣ በኃይል አጠማዘዘቻቸው። ድንጋይ ናቸው። በትንሹ ጉብታ ጀመረች፤ ከዚያ መካከለኛውን። ትልቁ ፊት ለፊት ስትደርስ አገጯ ላይ ያለው ስፌት ራሱ የሚያስታውስ ይመስል ቆጠቆጣት። ሁለቴ ተንደርድራ በፍሬን ተመለሰች። ቀጥሎ ግን ፍሬኑን ረሳችው።

ስትነሣ መሪውን ሳበች፤ መሪውም መጣ። እጇ ባለበት ነበር። የሸክላ ፋብሪካው ጣሪያ፣ ከጣሪያው ወዲያ የሰው ቤቶች፣ በገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ታያት። ከዚያ ጎማዎቹ መሬት ነኩ፤ የኋላው፣ ቀጥሎ የፊተኛው፣ ልክ ወንድምጋሼ እንዳስተማራት። ሳይክሉን አቁማ ወደ ኋላዋ ዞረች። ለካ ልጅ ሳለች ስታርፍ ሁልጊዜ የምትዞረው እሱን ለማየት ኖሯል። አፈሩ ላይ የእሷ የጎማ መስመር ብቻ ነበር። እንባዋ መጣ፤ ማንም ስለማያያት ለመጥረግ አልቸኮለችም።

ስልኩ የተደወለው በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ነው።

«ዞረ?» አላት፣ ሰላምታም ሳያስቀድም።

«አልዞረም።»

«ትልቁን?»

«ትልቁን።»

ትንፋሹን ሲያስወጣ ሰማችው። ይዘጋል ብላ ስትጠብቅ ማውራት ቀጠለ። ስለ መጋዘኑ፣ ጠረኑን አሽትቶ የእንጨቱን ዓይነት ሲናገር አለቃው እንደሳቀ፣ የእትዬ ልጆች በማይንቀሳቀሰው እጁ ላይ ሥዕል እንደሳሉበትና እሱም እንዳልከፋው ነገራት። እዚህ ቤት ሳለ ስንት ወር ያልተናገረውን በአንድ ጥሪ ተናገረ። እሷ ቆማ ታዳምጣለች፤ ስልኩ ጆሮዋ ላይ እስኪግል። ከሩቅ ሆኖ የቀረባትን ያህል እዚሁ ሆኖ አልቀረባትም ነበር፤ ይህም አስደሰታት፣ ይህም አሳዘናት። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ከወትሮው የበለጠ ጸጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይደውላል። እሷም በእረፍት ቀኗ ሜዳው ላይ ናት። አብሯት የሚዘል አልተገኘም፤ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያይና መንገዱን ይቀጥላል። የዝናቡ ወራት ሲያልፍ ላስቲኮቹ አልቀው አዲስ ጥንድ ገዛች። ወንድምጋሼን በስልክ አላማከረችውም። መሪውን ጠረገች፣ ገና ነው ብላ ለራሷ ደግማ ጠረገች፣ ረጨች፣ ገፋች፣ ሽቦውን አሰረች። ከዚያ እጇን አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ እስኪደርቅ ድረስ ሳትነካው፣ አጠገቡ ተቀምጣ ጠበቀች።